የደመወዝ ደብዳቤ ያለው ሰው

በአካውንቲንግና ፋይናንስ ተመርቄ ሱሉልታ ወላጆቼ ቤት ስመለስ ሥራ ለማግኘት ቢበዛ ሦስት ወር ይፈጅብኛል ብዬ ነበር። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ፈጀብኝ። ድሮ ይህን ስናገር አንገቴን እደፋ ነበር። አሁን ደረቴን ነፍቼ ነው የምናገረው፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ተጠርቼ የቀረሁበት ፈተና የለማ!

የማላውቀው የማስታወቂያ ሰሌዳ አልነበረም። ሰኞ ቡራዩ፣ ረቡዕ ሰበታ፣ ዓርብ እዚያው ሱሉልታ የፋብሪካ በር ላይ ቆሜ የተለጠፈ ወረቀት አነባለሁ። «ጀማሪ አካውንታንት፣ የሥራ ልምድ 0 ዓመት» ይላል። ተፈትኜ ለቃለ መጠይቅ ስገባ ደግሞ «ልምድሽ ስንት ነው?» ይሉኛል። ቡራዩ አንድ ድርጅት ውስጥ ሦስት ሰዎች ፊቴ ተደርድረው ይህንኑ ሲጠይቁኝ፣ «ማስታወቂያችሁ ዜሮ ነው የሚለው፤ እኔም ዜሮ ነው ያለኝ፤ በትክክል አሟላለሁ» አልኳቸው። ሁለቱ ሳቁ። ሦስተኛው «እንደውልልሻለን» አለኝ። እስከ ዛሬ አልደወለም።

እንደዚያች ቃል የሚያናድደኝ ነገር የለም። «አልተቀበልንሽም» ቢሉኝ ቁርጤን አውቄ ቤቴ እገባ ነበር። እነሱ ግን ስልኬን ታቅፌ እንድከርም ፈረዱብኝ። ጎረቤት እናቴን «ልጅሽ ሥራ አላገኘችም እንዴ?» ሲላት «እያወዳደሯት ነው» ትላለች። ይህ ውድድር መቼ እንደሚያልቅ ግን እሷም አታውቅም፣ እኔም አላውቅም።

አንዴ ከቡራዩ ስመለስ ታክሲ ውስጥ አልቅሻለሁ፤ አልዋሽም። ከዚያ በኋላ ግን እልህ ያዘኝ። ከፈተና ስመለስ የተሳሳትኳቸውን ጥያቄዎች ሳልረሳቸው ወረቀት ላይ እገለብጥና በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ እስኪስተካከሉ ድረስ እሠራቸዋለሁ። ሌላ መበቀያ አልነበረኝም። አብሮኝ የተመረቀ አንድ ልጅ «የልምድ ማስረጃ ጽፎ ማኅተም የሚመታልሽ ሰው ላገናኝሽ» ሲለኝም አንድ ቀን ሙሉ አስቤበታለሁ። በኋላ ግን ሰው ገንዘቡን አምኖ እንዲሰጠኝ በሐሰት ወረቀት ልገባ መሆኑ ሲገባኝ አፈርኩና ተውኩት።

ጓሯችን ባለችው ክፍል አንዲት ሴት ተከራይታ ትኖር ነበር። ከደቡብ መጥታ ውሃ ፋብሪካ በማሽን ኦፕሬተርነት የምትሠራ፣ እሑድ እሑድ ቸርች የምትሄድ፣ ወሬ የማታበዛ ሴት ናት። በረንዳ ላይ ስታየኝ «ዛሬስ የየት ፈተና ነው?» ብላ ታልፋለች። እኔም «የሰበታ» ወይም «የቡራዩ» እላታለሁ። ትውውቃችን ከዚህ አይዘልም ነበር።

በመጨረሻ ሰበታ ያለ አንድ ፋብሪካ ፈተነኝ። በሳምንቱ ስሄድ ስሜ ከዝርዝሩ አናት ላይ ተለጥፏል። ሦስቴ አነበብኩት። የሰው ኃይል ኃላፊው ወጣት ነው፤ «እንኳን ደስ አለሽ» አለኝ። «የቀረሽ ዋስ ብቻ ነው። ቋሚ ሠራተኛ የሆነ፣ ከመሥሪያ ቤቱ የደመወዝ ደብዳቤ የሚያጽፍ ሰው። እስከ ዓርብ ይዘሽ ነይ።»

ገንዘብ ያለበት ሥራ ላይ የሚቀጠር ሰው ዋስ እንደሚጠየቅ አውቅ ነበር። ግን እዚያ ድረስ ደርሼ ስለማላውቅ አስቤበት አላውቅም። የኛ ዘመዶች ላም ያረባሉ፣ ድርቆሽ ያጭዳሉ፣ ወተት ይሸጣሉ። ደመወዝተኛ የሚባል ሰው በዘራችን የለም።

ቤት ገብቼ ለአባቴ «አልፌያለሁ፤ ዋስ አምጪ ብለውኛል» አልኩት። የደመወዝ ደብዳቤውን ነገር ግን ዋጥኩት። አንተ አትበቃም እንደማለት ሆነብኝ። ነገ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ ስል ዓርብ ደረሰ።

ዓርብ ጠዋት ከቤት ስወጣ አባቴ ነጭ ጋቢውን ለብሶ፣ ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች አስከትሎ በር ላይ ቆሟል። «ኢንታላ ኮ» አለኝ፤ ሲደሰት በኦሮምኛ ነው ልጄ የሚለኝ። «አንድ ዋስ ነው የጠየቁሽ? ሦስት ይዘንላቸው እንሄዳለን!» ያን ጊዜ እንኳ መናገር ነበረብኝ፤ ግን ተከትያቸው ሄድኩ። ታክሲ እየቀያየርን፣ አዲስ አበባን አቋርጠን ሰበታ እስክንደርስ አጠገቡ ለተቀመጠ ሁሉ «ልጄ ሥራ ልትገባ ነው» ይላል። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

የፋብሪካው ጥበቃ በኦሮምኛ «አካም ቡልተኒ፣ ኦቦ»፣ እንደምን አደሩ ብሎ በአክብሮት አስገባቸው። ኃላፊውም ከመቀመጫው ተነስቶ ወንበር ሰጣቸው። አባቴ ግን አልተቀመጠም። «ይህች ልጅ የሰው ነገር አትነካም» አለ። «ብታጠፋ እኔን ጠይቁኝ። እኔ ባልኖር እነዚህን ጠይቁ።»

ኃላፊው ግራ ገባው። «አባቴ፣ እርስዎን ሳላምን ቀርቼ አይደለም። መመሪያው የደመወዝ ደብዳቤ ያለው ሰው ነው የሚለው። ለልጅዎ ነግሬያት ነበር።»

አባቴ ዞሮ አየኝ። ሁሉም ነገር ገባው። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ወደ ኃላፊው ተመልሶ «እስከ ሰኞ ታገሰን» ብቻ አለው። ኃላፊውም «ከሰኞ ግን አያልፍም፤ ተጠባባቂዋን እጠራለሁ» አለ።

ስንመለስ፣ ሱሉልታ ልንገባ ስንል አባቴ «ለምን ደበቅሽኝ?» አለኝ።

«እንዳይከፋህ ብዬ።»

«የከፋኝ መደበቅሽ ነው» አለኝ።

ነገሩን ለተከራይዋ የነገረቻት እናቴ ናት፤ ሆድ ሲብሳት ለሰው ማውራት ትወዳለች። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ተከራይዋ የሥራ ጋዋኗን እንኳ ሳታወልቅ በረንዳ ላይ መጥታ ፖስታ ሰጠችኝ። ከፍቼ ሳየው የደመወዝ ደብዳቤ ነው።

«እኔ ዋስ እሆንሻለሁ» አለችኝ።

«እኔ ባጠፋ እኮ ካንቺ ደመወዝ ነው የሚቆርጡት» አልኳት።

«አውቃለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ወድቀሽ ስትመለሺና በነጋታው ስትወጪ አይቻለሁ። ጥለሽ የምትጠፊ ብትሆኚ ድሮ ትጠፊ ነበር።»

በነዚያ ዓመታት ከውርደት በቀር ያተረፍኩት ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። ለካ አንድ ሰው ያየኝ ነበር፤ ያየችውም ውድቀቴን አልነበረም። አንገቷ ላይ ተጠምጥሜ አለቀስኩ። እንደዚያን ቀን በራሴ ኮርቼ አላውቅም።

ሰኞ እሷ የግማሽ ቀን ፈቃድ ወስዳ፣ እኔና አባቴ ተከትለናት ሰበታ ሄድን። ዋስ ሆና ፈረመች። ኃላፊው ወረቀቱን አገላበጠና «ከሥር ምስክር መፈረም አለበት» አለ። ቀጥሎም አባቴን እያየ «ምስክር የደመወዝ ደብዳቤ አይጠየቅም» አለ። የቀለሙን ፓድ ከፍቶ ወደሱ አስጠጋለት። «አባቴ፣ በአሻራም ይሆናል።»

አባቴ ፓዱን በእጁ ጀርባ ገፋ አደረገው።

«በልጅነቴ መሠረተ ትምህርት ተምሬያለሁ» አለ። «ለልጄ በጣት አልፈርምም።»

እስክሪብቶ ተቀብሎ ጎንበስ አለ። ፊደሎቹን አንድ በአንድ፣ እየተጫነ መጻፍ ጀመረ። ቢሮው ውስጥ የነበሩት ሠራተኞች ሥራቸውን አቁመው ያዩታል፤ የቸኮለ ሰው አልነበረም። ኃላፊው ማኅተሙን አንስቶ እየጠበቀ በዝግታ «ነገ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሥራ ግቢ» አለኝ። አባቴ ቀና አላለም። የራሱንና የአባቱን ስም ጨርሶ የአያቱን እየጻፈ ነበር።