ሁለተኛው ጉርሻ

ባለፈው ሳምንት ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ መብራት ጠፋ። ተማሪዎቼ እንደ ልማዳቸው ሲንጫጩ ከግቢው ጀርባ ያለው ጄኔሬተር አጉረመረመና ክፍሉ መልሶ በራ። ከፊት የምትቀመጠው ብሌን እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ጄኔሬተሩ እየሠራ ሳለ ዋናው መብራት ቢመጣስ? አይጋጩም?»

ይህን ጥያቄ በሰማሁ ቁጥር ደስ ይለኛል። ጠመኔ አነሣሁ፣ መስመሮቹን ሳልኩ፣ ቀስት በቀስት አደረግኳቸው። ግማሾቹ ገባቸው፤ ግማሾቹ ደግሞ የገባቸው ለመምሰል ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ግን ሰሌዳውን እያየሁ ሐሳቤ ሪያድ ገብቶ ነበር፤ አፌ ውስጥም የዓሣና የሩዝ ጣዕም መጣብኝ።

ሪያድ የሄድኩት በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ዓመት ካለፈ ብዙም ሳይቆይ ነው። ደብረ ብርሃን በቴክኒክ ትምህርት ቤት ጥቂት አስተምሬ፣ ሰብለ የምትባል ልጅ አጭቼ፣ ለጎጆ መውጫ የሚሆን ነገር ልይዝ ብዬ ሄድኩ። የተቀጠርኩት ለድርጅቶች የኮምፒውተር ክፍል በሚያደራጅ ኩባንያ ውስጥ ነበር። የምኖረው መንሱራ በሚባል ሰፈር፣ ከሥራ ባልደረባዬ ከተካ ጋር በአንድ ክፍል ነበር። ተካ የጎጃም ሰው ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ ሆዱም ከትከሻው የማይተናነስ፤ ኬብል ሲጎትት በሬ የሚያርስ ይመስላል።

ሪያድን ሁልጊዜ የሚነድ ምድጃ አድርጎ የሚያስብ ሰው የካቲትን አላየም። ጠዋት ጠዋት ብርዱ ጣት ያቆረፍዳል። ከአፍጋኑ ዳቦ ቤት ተሚስ የሚሉትን ትኩስ ሰፊ ዳቦ ገዝተን፣ በኩባንያው ፒካፕ ኋላ ተቀምጠን፣ ዳቦውን መጀመሪያ እንደ ጓንት አቅፈን እጃችንን እናሞቅበታለን፤ ሥራ ቦታችን ሱለይማኒያ ስንደርስ ግን ከዳቦው የሚተርፍ የለም። ዝናብ ጣል ካደረገ ደግሞ የራሰ አቧራ ሽታው አገር ቤት ያለሁ ያስመስለኝ ነበር።

ሥራችን በአንድ የንግድ ድርጅት ሕንፃ ውስጥ ነበር። ለማያውቀው ላስረዳ። በብረት መደርደሪያ ላይ የድርጅቱን መረጃ የሚይዙ ሰርቨሮች አሉ፤ ከእነሱ በላይ ኮምፒውተሮቹን ሁሉ እርስ በርስ የሚያነጋግሩ ስዊቾች ተደርድረዋል። እነዚህ ለዓይን ጥቅሻ ያህል እንኳ ኃይል ሊቋረጥባቸው አይገባም። ስለዚህ የከተማው መብራት ሲጠፋ ባትሪዎቹ ይይዟቸዋል፤ ያን ጊዜ አንድ ሣጥን ማንም ሳያዘው ጄኔሬተሩን ያስነሣና መስመሩን ወደ እሱ ያዞራል። የከተማው ሲመለስም መልሶ ያዞረዋል። ሣጥኑን ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ እያንዳንዷን ሽቦ በቀለምና በቁጥር ስለለየሁ ተካ «ወንድሜ፣ ሽቦ ነው የምታስረው ወይስ ሹሩባ ነው የምትሠራው?» እያለ ይስቅብኝ ነበር።

ሥራው አለቀ፤ ተሞከረ፤ ሠራ። የድርጅቱ ባለቤት ግን አልረከብም አሉ። አቡ ሳሌህ ይባላሉ፤ ነጭ ጢም ያላቸው፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሽማግሌ ነበሩ። ቀደም ሲል ሌሎች ሠራተኞች ባስገቡላቸው መሣሪያ ሁለቱ ኃይሎች ተገናኝተው ክፍላቸው ተቃጥሎ ነበር።

«ዛሬ ሠራ፤ ወላሂ በዓይኔ አየሁ» አሉ። «ነገስ? እኔ ሰው እፈልጋለሁ። እዚህ በር ላይ ተቀምጦ የሚጠብቅ ሰው።»

«እስከ መቼ?» አለ አለቃችን ኢድሪስ፣ ሱዳናዊው መሐንዲስ።

«ልቤ እስኪያምን።»

ኢድሪስ ዞሮ አየኝ። «ማስረዳት የምትወደው አንተ ነህ። ልባቸው እስኪያምን አንተ ትቀመጣለህ።»

ክው አልኩ። ሠርጌ የተቆረጠው ለቅበላ እሑድ ነበር። በማግሥቱ ዐቢይ ጾም ይገባል፤ ጾም ከገባ ደግሞ እስከ ፋሲካ ሠርግ የለም። ድንኳኑ ተነግሯል፣ ጠላው ተጠንስሷል። ፓስፖርቴ «ከፊል» በሚሉት አስቀጣሪዬ እጅ ነው፤ ያለ ኢድሪስ ቃል የመውጫ ወረቀት አይጠየቅልኝም።

«ሠርጌስ?» አልኩት።

«ልባቸው ቶሎ ያምናል፣ ኢንሻአላህ።»

ተካ በአማርኛ ጣልቃ ገባ። «የእኚህ ሰውዬ ልብ እስኪያምን ሰብለ ከሌላ ሦስት ትወልዳለች።»

ለአቡ ሳሌህ ያላስረዳሁት ነገር አልነበረም። ሥዕል ሳልኩ፣ መብራቱን አጥፍቼ አበራሁ፣ በተሰባበረ አረብኛዬ አፌ እስኪደርቅ ለፈለፍኩ። እሳቸው በትዕግሥት አዳምጠው «ጥሩ ነው ልጄ፤ ማን ይቀመጣል?» ይላሉ።

ምሳ ሰዓት ሆነ። ኢድሪስ እኔና ተካ የእስላም ሥጋ እንደማንበላ ስለሚያውቅ ዓሣ በሩዝ አስመጣ። መሬት ላይ ፕላስቲክ ዘርግተን ከበብን፤ አቡ ሳሌህም ኩራት የማያውቁ ሰው ነበሩና ነጭ ጀለቢያቸውን ሰብስበው አብረውን ተቀመጡ። ሁላችንም በእጃችን ከአንድ ትሪ ስንበላ ሳይ አንድ ሐሳብ መጣልኝ።

«አቡ ሳሌህ፣ ይመልከቱን» አልኩ። «እኔ ሰርቨሩ ነኝ፤ አፌ ባዶ ከሆነ እሞታለሁ። ኢድሪስ የከተማው መብራት ነው፤ ያጎርሰኛል። በእጄ የያዝኩት ተምር ባትሪው ነው። ተካ ጄኔሬተሩ ነው።»

አቡ ሳሌህ ተካን ከላይ እስከ ታች አዩት። «ጄኔሬተራችሁ ወፍራም ነው።»

«ለመነሣት ጊዜ ስለሚፈጅበት ነው ባትሪ የሚያስፈልገው!» አልኩ። ሳቁ። ደስ አለኝ።

ጀመርን። ኢድሪስ አጎረሰኝ። «መብራት ጠፋ!» ስል እጁን ሰበሰበ፤ እኔ ተምሬን ጎረስኩ። ተካ እያቃሰተ ተነሣ፣ መጣ፣ እጁ የቻለውን ያህል ሩዝ ጠቅልሎ አጎረሰኝ። «መብራት መጣ!» አልኩ እንደምንም። በስምምነታችን መሠረት ተካ ወደ ኋላ ማለት፣ ኢድሪስ ወደፊት መምጣት ነበረባቸው።

ኢድሪስ መጣ። ተካ ግን አልሄደም።

«አንድ ጉርሻማ ያጣላል!» አለና ሁለተኛውን ጠቅልሎ ላከው። ሁለት እጆች አፌ ላይ ተጋጩ። ሩዙ ፈነዳ። አፌ እስከ ጉሮሮዬ ተሞላ፤ የተረፈው ከነቃሪያው በአቡ ሳሌህ ነጭ ጀለቢያ ላይ ዘነበ።

ኢድሪስ ግንባሩን ያዘ። እኔ ድንኳኑ ሲፈርስ፣ ጠላው ሲኮመጥጥ ታየኝ።

አቡ ሳሌህ ደረታቸው ላይ ያለውን ሩዝ አዩ፣ አፌን አዩ። ከዚያ ድንገት ጭናቸውን መቱ። «ይኸው! ክፍሌን ያቃጠለው ይኸው ነው! ታዲያ በሣጥናችሁ ውስጥ ይህን ሰውዬ ማን ይይዘዋል?»

መልሱን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነበርኩ፤ ነገር ግን አንዲት ቃል ማውጣት አልቻልኩም። ዓይኔ እያነባ ተነሣሁ። ኃይሉን ቆርጬ የሣጥኑን በር ከፈትኩና በከተማው መብራትና በጄኔሬተሩ ማብሪያዎች መካከል የተጋደመችውን አጭር የብረት ዘንግ በጣቴ አሳየኋቸው። እጃቸውን ይዤ አንዱ ማብሪያ ላይ አኖርኩት። ገፉት፤ ዘንጓ ተንሸራታ የሌላውን መንገድ ዘጋች። ሌላውን ገፉ፤ እንቢ አለ። በሁለት እጃቸው ገፉ፤ እንቢ። እንደ ሕፃን ደጋግመው ሞከሩ።

«ይህች አትተኛም?» አሉ።

ራሴን በአሉታ ነቀነቅኩ።

«ይሉኝታስ አይዛትም?»

ኢድሪስ ሳቀ። «ብረት ናት፣ አቡ ሳሌህ።»

«ኸላስ። እንግዲህ ሰው አያስፈልገኝም» አሉና የርክክቡን ወረቀት ከነሩዛቸው ፈረሙ። እኔ ያን ጊዜም እያላመጥኩ ነበር። ሠርጌም በቅበላ እሑድ ሆነ።

እንግዲህ ባለፈው ሳምንት ክፍል ውስጥ ጠመኔዬን አስቀምጬ «ነገ እጃችሁን ታጥባችሁ ኑ» አልኳቸው። ቤት ስገባ ሰብለን ሩዝ በዓሣ እንድትሠራልኝ ስጠይቃት «ደግሞ ልትጎርስ ነው?» አለችና ትልቁን ድስት አወረደች። በየዓመቱ ስለማደርገው ነገሩን ታውቀዋለች።

በማግሥቱ ብሌን ጄኔሬተር፣ ሌላ ተማሪ ደግሞ የከተማው መብራት ሆኑ። ሁሉም እንደተባለው ሆነ፤ መብራት ጠፋ፣ አጎረሰችኝ፣ መብራት መጣ፣ እጇን መለሰች። ተማሪዎቹ ዝም ብለው ያያሉ። ይህን ዝምታ አውቀዋለሁ፤ ነገሩ ያልገባው ክፍል ዝምታ ነው። ማብራራት ልጀምር ስል ብሌን ወደ ድስቱ አየት አድርጋ መልሳ አየችኝ።

«ቲቸር፣ አንድ ጉርሻማ ያጣላል።»

ብዙ የምለው ነበረኝ። አፌን ከፈትኩላት።