ወደ ትከሻ የተሳበ ጭነት

ጋሹ ሠላሳ አንድ ዓመት በበቅሎ ጭነት ኖሯል። ከመካነ ሰላም ወደ ከላላ፣ ወደ ወግዲ፣ አንዳንዴም ቁልቁል እስከ አባይ በረሃ ጨው፣ ጤፍና ቆርቆሮ አጓጉዟል፤ አንድ ጊዜ ደግሞ የመስጊድ መስኮት ከነመስታወቱ። መስታወቱ አልተሰነጠቀም። ይህን ማንም ሳይጠይቀው ይናገራል።

የመጨረሻዋ በቅሎው ዳማ በነሐሴ 2005 ሆዷን ታማ በሦስተኛው ቀን ሞተች። ኮርቻዋ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ጋሹ ግን ጠፍሩን በየሳምንቱ እያወረደ ቅቤ ይቀባዋል። ሚስቱ ብዙዬ "ለማን ነው?" ብላ አንድ ቀን ጠየቀችው። ጋሹ ጠፍሩን መልሶ ሰቀለው።

በሦስተኛው ወር፣ ኅዳር ላይ፣ የጎረቤታቸው የሺፋ ልጅ ጠይባ ከጂዳ ከተባረሩት ጋር ተመለሰች። ሻንጣዋ ሲከፈት ወርቅም ልብስም አልነበረበትም። ስድስት ዓመት ያሳደገችው ያሠሪዎቿ ልጅ አድጎ የተዋቸው፣ እርስ በርስ የሚገጣጠሙ የፕላስቲክ ጡቦች ነበሩ፤ ከነጎማቸው፣ ከነጥርሳም ጎማዎቻቸው፣ ከአንድ ትንሽ ሞተር፣ ከባትሪ ሳጥንና ከሪሞት ጋር።

"ሰው ቤት ሊሠራ ብር ይልካል፤ የሺፋ ልጅ ጡቡን ራሱን ተሸክማ መጣች" እያሉ ሰፈርተኞቹ ሳቁ።

ጠይባ ጡቦቿን መልሳ ሻንጣው ውስጥ ከተተች። የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ሙያ ማሠልጠኛው ገብታ አውቶ መካኒክ መማር። መዝጋቢው አሠልጣኝ አስናቀው ግን ከስደት የተመለሱትን ሴቶች በሙሉ ልብስ ስፌት ላይ ነበር የሚጽፋቸው።

"መኪና ሠርቼ አውቃለሁ" አለችው።

"የት?"

"እቤቴ፤ ከፕላስቲክ ጡብ።"

አስናቀው ሳቀ። "እስቲ አምጫት! ከግቢው በር እስከ ባንዲራው ያለውን ዳገት ወጥታ፣ በእግሯ ተመልሳ ከወረደች በገዛ እጄ አውቶ ላይ እጽፍሻለሁ። ምዝገባው ዓርብ ያበቃል፤ እንዳትረሺ።"

ረቡዕ ከሰዓት ጋሹ ከጓሮው በኩል የሚያንጎራጉር ድምፅ ሰማና በአጥሩ ላይ አንገቱን አሰገገ። ጠይባ ድንጋያማው ተረተር ሥር ተንበርክካለች። ከፊቷ ከድመት የማትበልጥ፣ ጣሪያ የሌላት፣ ጎማዋ ትልልቅ ተሽከርካሪ ትጓዛለች። ጋሹ መጀመሪያ ያየው ጎማዋን ነው። አንደኛው ድንጋይ ሲያገኝ ብቻውን ከፍ ይላል፤ የቀሩት ሦስቱ መሬቱን አይለቁም።

"እግር አላት እኮ!" አለ ሳያውቀው።

ዳገቱ ሲጠና ግን ፊቷ ተነሣ፤ ተነሣና በጀርባዋ ተገለበጠች። ጠይባ አቀናቻት። እንደገና ተገለበጠች። ጋሹ ሰባት ጊዜ ቆጠረ።

"አብሽሪ ልጄ" አላት አጥሩን ተሻግሮ።

"ወላሂ ያየኋትን ነው የሠራሁት አያ ጋሹ! ያሠሪዎቼ ቤተሰብ በረሃ ሽርሽር ሲወጣ፣ በመኪናው መስኮት እንዲህ ያለች የአሸዋ መኪና አይቻለሁ። ሞተሯም ጭነቷም ከኋላ ነው። አሸዋው ላይ ትበራለች።"

"ከኋላ ለምን ሆነ?"

"ፊቷ ከከበደ አሸዋው ውስጥ ትቀበራለቻ።"

"የኛ ዳገት አይቀብርም፤ ይገለብጣል እንጂ።" ጋሹ ተሽከርካሪዋን በሁለት መዳፉ አንሥቶ ክብደቷን መዘነ። "ይቺን የጫናት ሰው ወደ አባይ ሊወርድ ነው። ቁልቁለት ላይ ጭነት ወደ ዳሌ ይሳባል፤ ዳገት ላይ ወደ ትከሻ። አለዚያ በቅሎዋም ትገለበጣለች።"

"ታዲያ ስንት ጊዜ ትፈቱታላችሁ?"

"መንገዱ በተገለበጠ ቁጥር። ፈቶ ማሰር የሰለቸው ሰው በቅሎ አይግዛ።"

ጠይባ የባትሪውን ሳጥን በጣቷ ነካ ነካ አደረገች። ከዚያ ጡቦቿን ሰብስባ ገባች። ሐሙስ ቀኑን ሙሉ አልወጣችም። አመሻሹ ላይ ጠርታ አሳየችው። የባትሪው ሳጥን አሁን ጥርስ ባለው ሐዲድ ላይ ተቀምጧል። በጎን በኩል አንዲት ትንሽ እጀታ አለች።

"ያዟትና ያዙሯት አያ ጋሹ።"

በሁለት ጣቱ አዞራት። ሳጥኑ እየተንቀጠቀጠ ወደ ፊት ተራመደ። ወደ ግራ ሲያዞራት ወደ ኋላ ተመለሰ። ጋሹ መዳፉን አፉ ላይ ጫነ። በብርድ የተሰነጠቀው ጣቱ፣ በዝናብ የራሰው ጠፍር፣ በየገደሉ አፍ ላይ ሲፈታና ሲያስር የኖረው ሁሉ በዚያች እጀታ ውስጥ ገብቷል። ደጋግሞ አዞራት። ጠይባ ባትሪው እንዳያልቅ አልፈራችም፤ ተወችው።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሠልጣኞች ዳገቱን ግራና ቀኝ ከበውት ቆሙ።

"ሹፌሯ የት አለ?" አለ አንዱ።

"ነዳጅ ሊቀዳ ሄዷል!" አለ ሌላው።

ጠይባ ጭነቱን ወደ ፊት አምጥታ ቆለፈችና ሪሞቱን ተጫነች። ተሽከርካሪዋ ወጣች። ጎማዎቿ በየተራ እየታጠፉ ድንጋዩን አለፉ። መሀል ላይ ጎርፍ የቆረጠው ቦይ ነበር፤ ፊቷ ተነሣ። ሳቁ ቆመ። በሩ አጠገብ የቆመው ጋሹ አንገቱን አሰገገ። ፊቷ ተመልሶ መሬቱን ነከሰ፤ እያቃሰተች ወጥታ ባንዲራው ሥር ደረሰች።

ጭብጨባው ቀለጠ። ጠይባ እየሳቀች አነሣቻትና ፊቷን ወደ ቁልቁለቱ አዞረቻት። ጣቷ ሪሞቱ ላይ ነበር።

"ፍቺ!" ጋሹ ከታች ጮኸ። "መንገዱ ተገልብጧል! ጭነቱን ፍቺ!"

ጠይባ ደነገጠች። እጀታዋን አዞረች፤ ሳጥኑ ወደ ኋላ ሄደ። ከዚያ ለቀቀቻት። ተሽከርካሪዋ ዳሌዋን ጥላ፣ ልክ ዳማ ወደ አባይ ስትወርድ ትጠነቀቅ እንደነበረው፣ እያንዳንዱን ድንጋይ እየቀመሰች እስከ በሩ ወረደች።

አስናቀው እስክሪብቶውን ከኪሱ አወጣ። ከዚያ መዝገቡን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ "አውቶ መካኒክ" ከሚለው ሥር በገዛ እጁ ጻፋት።

"ዕድሜ?"

"ፓስፖርቴ ሠላሳ አራት ይላል፤ ደላላው ጨምሮብኝ ነው። ሃያ ስድስት ነኝ።"

"ሃያ ስድስት" ብሎ ጻፈ። "ይህን የጭነት ነገር ማን አስተማረሽ?"

ጠይባ ወደ ጋሹ ጠቆመች። ጋሹ ግን አልሰማም። በሩ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ፣ ዳገት ወጥቶ በወረደ ቁጥር ኮርቻ ሥር እጁን ይሰድ እንደነበረው ሁሉ፣ መዳፉን ከተሽከርካሪዋ ሆድ ሥር አስገብቶ ነበር። ሞተሩ ይፋጃል።

"ሙቃለች" አለ ቀና ሳይል። "ትንሽ ትረፍ።"