እምቦጩና የአያ ተካ በሬ

ትናንት ላሊበላ፣ ሱቄ ውስጥ ተቀምጬ፣ የጣና ዳር ሰዎች እስከ ደረታቸው ውኃ ገብተው እምቦጭ ሲነቅሉ ስልኬ ላይ አየሁ። ጨው ልትገዛ የመጣች ልጅ አንገቷን አስግጋ፣ «አበባው ግን ሲያምር!» አለች። እውነቷን ነው። እኛም መጀመሪያ ያልነው ይህንኑ ነበር።

መንደራችን ከላሊበላ ወደ ሙጃ በሚወስደው መንገድ ግርጌ ናት። ነጭ ሽንኩርታችንን የምናጠጣበት አንድ ኩሬ ነበረን። ማን እንዳመጣው ሳይታወቅ ጥጉ ላይ ሐምራዊ አበባ ብቅ አለ፤ እኛ ልጃገረዶች እየቀጠፍን ጠጉራችን ላይ ሰካነው። በዓመቱ ውኃው አልታይ አለ፤ ከብቱም ሳይጠጣ ይመለስ ጀመር። የግብርና ሠራተኛዋ መጥታ፣ «ዝናብ ሳይገባ ከነሥሩ ንቀሉት፤ ዳር ላይ አድርቃችሁ አቃጥሉት። ቁራጩ ወንዝ ከገባ የታችኞቹንም መንደሮች ይወርሳል» አለች።

ግንቦት ነበር። መንደሩ በደቦ ወጣ። እኛ ወጣቶቹ ጭቃው እስከ ጉልበታችን እየዋጠን እንጎትታለን፤ ምሳ የበላነው በሶ ሳይቀር ረግረግ ረግረግ ይሸት ነበር። የተነቀለውን ክምር እንዲጠብቅ የተመረጠው አባቴ ነው።

ከሰዓት በኋላ አያ ተካ ገመድ ይዘው መጡ። እሳቸውና አባቴ መቀናጆ ነበሩ፤ ያላቸው አንድ አንድ በሬ ስለሆነ አቀናጅተው ያርሳሉ።

«ሞላ፣ አንድ ሸክም ስጠኝ» አሉት። «ጭዴ አልቋል። በሬዬ አንዴ ከተኛ አይነሣም።»

«አይሆንም አያ ተካ። ቤትዎ ከወንዙ ማዶ ነው፤ ሲሻገሩ ይንጠባጠባል።»

«በግንቦት ለምለም ማቃጠል ግፍ አይደለም?»

በድርቅ ከብቱ ሲያልቅ ያየ የላስታ ሰው ይህን ሰምቶ ዝም አይልም። የቆመው ሁሉ አጉረመረመ። አባቴም፣ «እንግዲያው በሬው ይምጣ» አለ።

በሬው እየተደገፈ መጣ። ክምሩን አሸተተ፤ አንድ ቅጠል አኝኮ ጣለና ፊቱን አዞረ። ያን ሁሉ ተጨቃጭቀን! ሰዉ ሣቀ። አያ ተካ ግን ገመዳቸውን እንደያዙ መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

አባቴ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ሂጂ፣ ከቤት አንድ ሸክም ጭድ አምጪ» አለኝ።

«ለኛ በሬስ?» አልኩት። የቀረን ጭድ ምን ያህል እንደሆነ አውቃለሁ።

«ሁለቱም አንድ ቀንበር የሚገቡ ናቸው» አለ። ተናድጄ ሄድኩ።

ሁለቱ በሬዎች ያንን የቀረንን ጭድ ተካፍለው ግንቦትን ገፉ። ክምሩ ደርቆ ተቃጠለ፤ ብቅ ያለውንም እየለቀምን ኩሬው ጸዳ። ሰኔ ሲገባ ግን አንድ ማለዳ በሬ ወድቆ ተገኘ። የወደቀው የእኛ ነበር፤ ዳግም አልተነሣም። አያ ተካ ከሌላ ሰው ጋር ተቀናጅተው መጡና የራሳቸውን ማሳ ሳይነኩ የእኛን አረሱ።

ዛሬ ስለ እምቦጭ ሲወራ ብዙ እሰማለሁ፤ ስለ ማሽኑ፣ ስለ መድኃኒቱ፣ ቅጠሉን ይበላል ስለሚባለው ጢንዚዛ። ሁሉም ሳያስፈልግ አይቀርም። የሚነቅለው ገበሬ በሬው በዚያ ሰሞን ምን እየበላ እንደሆነ የሚጠይቅ ግን እስካሁን አልገጠመኝም።