ዙሩ ሳያልቅ

ባለፈው ወር እዚህ ደሴ፣ ልጄ የምትማርበት ትምህርት ቤት የስፖርት ቀን አዘጋጅቶ ወላጆች ተጠርተን ነበር። ጥላዬን ዘርግቼ ከእናቶቹ ጋር ስለ በርበሬ መወደድ ስናወራ፣ አንድ ሰውዬ ጆንያ ታቅፎ ሜዳው ላይ ነጭ ኖራ እየበተነ መስመር ማስመር ጀመረ። ነፋሱ ወደ እኛ ሲያመጣውና ያ ጉሮሮ የሚከረክር ደረቅ ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ፣ ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለ። አጠገቤ የነበረችው ሴት "ፀሐይ መታሽ መሰለኝ፣ ቀላሽ እኮ" አለችኝ። ፀሐይ አልነበረም። በልጅነቴ ያፈርኩት ሐፍረት ነው፤ ይኸው ፀጉሬ ሸብቶም እሱ አላረጀም።

የተወለድኩት ከመካነ ሰላም ወጣ ብላ በምትገኝ፣ ገበያተኛ ማልዶ ተነስቶ ረፋዱ ላይ ከተማ በሚገባባት መንደር ነው። ትምህርት ቤታችን ከተማው ውስጥ ስለነበር፣ እኔና ጓደኛዬ ዘምዘም መሮጥ የጀመርነው እንዳይረፍድብን ብለን ነው። ኋላ ግን ሩጫው ራሱ ጣፈጠንና እሁድም ቅዳሜም እንሮጥ ጀመር። ርቀት የምንለካው በቦታ ነበር። አጭሩ መንገድ፣ የዘምዘም አባት ሼህ ሰይድ ልጆችን ቁርኣን እያስቀሩ ከሚያስተምሩበት ቤት ተነስቶ፣ ባቄላው አብቦ አየሩን በሚያጣፍጥበት ማሳ ዳር ዳሩን ወንዙ ድረስ ነው። ረጅሙ ደግሞ ወንዙን ተሻግሮ፣ እምቧጮውንና ቀጋውን እየሸሸ ዳገቱን ወጥቶ፣ ቆላው ወለል ብሎ ከሚታይበት አፋፍ ያደርሳል። እዚያ ስንደርስ ነፋሱ ላባችንን ያደርቀውና ሁለታችንም ያለ ምክንያት እንስቃለን። መንገዱ የሚያልቀው ገደሉ ላይ ስለሆነ መቼ እንደሚቆም ማንም ሊነግረን አላስፈለገም።

አባቴ ግን ያፍርብኝ ነበር። አባቴ አያሌው ድንበር ያልገፋ፣ ሸንጎ ላይ ሲናገር የሚደመጥ ገበሬ ነው፤ ሴት ልጁ ቀሚሷን ሰብስባ በሰው ማሳ ዳር ስትበር መታየቷ ያሳቅቀው ነበር። "እግርሽን ያየ ሁሉ ምን ይለኛል?" ይላል። ያስታረቁን ሼህ ሰይድ ናቸው። አንድ ቀን ከገበያ ሲመለሱ ደጃችን ላይ ቆመው፣ "ጋሽ አያሌው፣ የርስዎም ልጅ የኔም ልጅ ናት፣ የኔም የርስዎ ናት። አላህ የሰጣቸውን ጉልበት እኛ እንዴት እንከለክላለን? ከቀሚሱ ስር ሱሪ ይልበሱና ይሩጡ" አሉት። አባቴም እያቅማማ እሺ አለ።

ከዚያ የስፖርት አስተማሪያችን ደሴ ላይ ለሚደረግ ውድድር አንዲት ሴት ልጅ ሊመርጥ አሯሯጠን። ዘምዘምን ለጥቂት ቀደምኳት። እሷም ቅር ሳትሰኝ፣ ለበዓል የተገዛላትን አዲስ ሸራ ጫማ አውልቃ ሰጠችኝ። መንደሩ ተሰብስቦ ሸኘኝ፤ ቄሱ በመስቀል ባረኩኝ፣ ሼህ ሰይድ ዱዓ አደረጉልኝ፣ አሚን ያላለ ሰው አልነበረም። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቀና ማለት አቅቶኝ የዘምዘምን ጫማ እያየሁ ቆየሁ። አባቴ መካነ ሰላም መናኸሪያ ድረስ መጥቶ፣ ሚኒባሱ ሊነሳ ሲል በመስኮቱ አንገቱን አስገብቶ፣ "ስትመለሺ እዚሁ ቆሜ ታገኚኛለሽ" አለኝ።

የደሴው ሜዳ በኖራ የተሰመረ ክብ ነበር። እንዲያ ያለ ነገር በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። ሩጫው ሲጀመር ግን ከኮረብታችን ጋር ሲነጻጸር ሜዳው እንደ መደብ ለጥ ያለ ስለሆነብኝ፣ ሳላስበው ከፊት ወጣሁ። ስንዞር ያው ሰው፣ ያው ዛፍ፣ ያው ወንበር መልሶ መላልሶ ይመጣል፤ የቱ ጋ እንዳለሁ ጠፋኝ። ልጆቹ ከኋላዬ ርቀው፣ ሕዝቡ እያጨበጨበ፣ መስመሩን ሳልፍ አንድ ሰውዬ ደወል ደወለ።

በትምህርት ቤታችን ደወል ሲደወል ወደ ቤት ነው የሚኬደው። ቆምኩ። ቆሜም አልቀረሁ፣ ሁለት እጄን ወደ ሰማይ ዘርግቼ ተመስገን አልኩ። አስተማሪዬ ከሜዳው ማዶ እየዘለለ ይጮሃል፤ ደስ ብሎት መስሎኝ በእጄ ሰላም አልኩት። ከኋላዬ የነበሩት አንድ በአንድ አለፉኝና መሮጣቸውን ቀጠሉ። ያኔ ነው ሳቁ የጀመረው፤ መጀመሪያ ከዛፉ ጥላ ስር፣ ከዚያ ዙሪያውን። ደወሉ አንድ ዙር ቀረ ማለት እንደሆነ ሲገባኝ ኖራው ላይ ተቀመጥኩ። አስተማሪዬ መጥቶ አጠገቤ ቁጢጥ አለ። "አልነገርኩሽም እኮ፤ የምታውቂ መስሎኝ" አለ፤ ከኔ ብሶ ሊያለቅስ ደርሶ ነበር።

በማግስቱ ስንመለስ መካነ ሰላም መግቢያ ላይ አሞኛል ብዬ ወረድኩ። አስተማሪዬ ገብቶት አልከለከለኝም። አባቴ ቆሞ ከሚጠብቅበት ፊት ለፊት ከምወርድ መሬት ብትውጠኝ መረጥኩ። ሰው በማያበዛው በረጅሙ መንገድ፣ በአፋፉ ዞሬ፣ ጫማው እንዳይቆሽሽ በእጄ ይዤ ቤት ገባሁና ከጎተራው ጀርባ ተቀመጥኩ። አስተማሪዬ መውረዴን ለሚጠብቁኝ ሰዎች ቢነግራቸውም ምን እንደደረሰብኝ ግን አልነገራቸውም። ሲመሽ አባቴ፣ ሼህ ሰይድ፣ ዘምዘምና ጎረቤቱ ሁሉ ተከታትለው መጡ።

"ደህና ገባሽ?" አለ አባቴ።

"ገባሁ።"

"ቀደሙሽ?"

"እኔ ነበርኩ የቀደምኩ። ደወል ሲደወል ያለቀ መስሎኝ ቆምኩ።" እያለቀስኩ ሁሉንም ነገርኩት። ሼህ ሰይድ "አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ" እያሉ ያጽናኑኝ ጀመር።

አባቴ አገጩን እያሸ፣ "ቆይ እስቲ፣ የሚሮጡት የት ለመድረስ ነው?" አለኝ።

"የትም። እዚያው ነው የሚዞሩት።"

"እዚያው?" ወደ ጎረቤቶቹ ዞረ። "ሰማችሁ? በሬ እንኳ ሲዞር እህል ይወቃል!"

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። እኔ የሳቁት በእኔ መስሎኝ ወደ ውስጥ ሮጬ ገብቼ ነጠላዬን ተከናንቤ ተኛሁ። አባቴ በልጁ እንዳይሳቅ የደሴን ሜዳ ለሳቃቸው እንደሰጣቸው የገባኝ፣ እኔም ልጅ ወልጄ፣ ልጄ በሰው ፊት ስታፍር ያየሁ ቀን ነው።

ዘምዘም በነጋታው እንደ ወትሮዋ ስትጠራኝ ወጣሁና ሮጥን። ብቻ ሰው ሲመጣ ካየሁ ቆሜ እንደ መንገደኛ እራመድ ነበር፤ ዘምዘምም አብራኝ ትራመዳለች። ኋላ እሷ ወረኢሉ ተዳረች፣ ከዚያ ዐረብ አገር ሄደች ተባለ፣ ከዚያ ወሬዋም ጠፋ። ሼህ ሰይድም አረፉ። አባቴን የቀበርነው ዘንድሮ ነው።

አርባውን አውጥተን በማግስቱ ጠዋት ብቻዬን ወጣሁ። ባቄላው የነበረበት ባሕር ዛፍ ሆኗል፣ ወንዙ ላይ ድልድይ ተሠርቷል፣ ዳገቱን የመኪና መንገድ ቆርጦታል፤ የሼህ ሰይድን ቤት ሳልፍ የማላውቀው ውሻ ጮኸብኝ። አፋፉ ግን እንዳለ ነው። ግራ ቀኙን አየሁና ሰው የለም ብዬ፣ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ፣ በዚያ በወፈረ ገላዬ ሮጥኩ። ጥቂት እንደሄድኩ ከማሳው መሐል አንዲት የማላውቃቸው አሮጊት ከአረማቸው ቀና ብለው ጮኹ።

"እኔን! ምን ሆንሽ ልጄ? ማን ሞተ?"

ቆምኩ። ላቤን እየጠረግሁ፣ "ኧረ ማንም አልሞተም እማማ፤ እንዲሁ ነው" አልኩ።

"እንዲሁ?" አሉና ከላይ እስከ ታች ዐይተውኝ፣ እንዳዘኑልኝ ወደ አረማቸው ጎንበስ አሉ። በዚያ አገር ሮጬ የማውቅ መሆኔን የሚነግራቸው ሰው አልቀረም። ነጠላዬን ፈትቼ ተከናነብኩና፣ እንደ ትልቅ ሰው ቀስ ብዬ ተራመድኩ። የለበስኩት ጥቁር መሆኑ ትዝ ያለኝ መታጠፊያውን ካለፍኩ በኋላ ነው።