ሎብስተሯን የለቀቅኳት ቀን

ልጆች፣ ከእኛ ጋር ለመጥለቅ ከመጣችሁ ይህን ቀድማችሁ ስሙኝ። ትምህርቴ ከሦስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ስለ ፍርሃት ግን ጠይቁኝ።

ወቅቱ የኬንያ ባሕር ሰዎች ካስካዚ የሚሉት ነበር፤ ነፋሱ ከሰሜን መጥቶ ባሕሩ የሚረጋበት፣ ውሃው እስከ ታች የሚታይበት። ልጄ ብሌን ያኔ ሃያ ዓመቷ ነው። ናይሮቢ ሳውዝ ሲ ሰፈር ያደገች፣ ውሃ ዋና በትምህርት ቤት የተማረች፤ ጊጊሪ በሚባለው የናይሮቢ የፈረንጆች ሰፈር ላለ አንድ ሬስቶራንት ሎብስተር ማቅረብ ጀምራ ነበር። ሎብስተር ጺሙ ረጅም፣ ጀርባው እሾህ የሆነ የባሕር እንስሳ ነው። እኛ አንበላውም።

«የማንበላውን ለመያዝ ባሕር ትገቢያለሽ?» ብዬ ስጮህ «እማዬ፣ ፈረንጆቹ ይብሉት፤ አንቺን ምን ቸገረሽ?» ትለኛለች። መከልከል ሲያቅተኝ ከናይሮቢ አውቶቡስ ተሳፍሬ አብሬያት ወደ ባሕሩ ዳር ወረድኩ።

የሚመሩን ሽማግሌው ጠላቂ ባካሪ ነበሩ፤ ምዜ ነው የምንላቸው፣ በስዋሂሊ አባባ እንደማለት። ያን ቀን ጠዋት ባሕሩ ሸሽቶ ኮራል የሚሉት የባሕር ድንጋይ ብቅ ብሏል። በአሮጌ ሸራ ጫማ እየረገጥን ገባን። ምዜ ዱላቸው ጫፍ ላይ ስምንት እጅ ያለውን ኦክቶፐስ አስረዋል። ሎብስተር ኦክቶፐስ ይፈራል፤ ጉድጓዱ ውስጥ ሲያስገቡበት በኋላው እየሸሸ ይወጣል፣ ያኔ ከጀርባው ቀብ ማድረግ ነው። በጦር መውጋት አይፈቅዱም።

ብሌን ልትጠልቅ ስትል የመረብ ከረጢቱን በጣቷ ብቻ አንጠልጥላለች። «ይወድቅብሻል» አልኩና ገመዱን የእጇ አንጓ ላይ ሁለት ጊዜ ቋጠርኩላት። ገንዘቤን በነጠላ ጫፍ እየቋጠርኩ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ያልተቋጠረ ነገር ሁሉ የሚጠፋ ይመስለኛል። ምዜ ወደ ፊት ሄደው ስለነበር አላዩም።

እሷ ስትጠልቅ እኔ አባታችን ሆይ እላለሁ። «የዕለት እንጀራችንን» የሚለው ጋ ሳልደርስ ብቅ ትላለች። አንዴ ወጣች፤ ሁለተኛም ወጣች። በሦስተኛው ጸሎቱን ጨረስኩ።

ውሃው መመለስ ጀምሮ ነበር፤ በድንጋዮቹ መሃል እንደ ወንዝ ይጎትታል። ወደ ታች ሳይ እግሯ ይራገጣል። ከረጢቱ ስንጥቅ ውስጥ ተቀርቅሮ እጇን ይዟታል።

«ምዜ! ልጄን!» በምን ቋንቋ እንደጮህኩ አላውቅም። ዋና አልችልም፤ ግን ገባሁ። ውሃው አገጬ ደረሰ፣ እግሬ መሬት ለቀቀ፣ ጨው ዋጥኩ። ምዜ በአጠገቤ ሲያልፉ ቢላዋቸው ብቻ ታየኝ። ከዚያ የብሌን ራስ ወጣ። እያስመለሳት፣ እያሳላት፣ ግን እየተነፈሰች።

ድንጋዩ ላይ ምዜ የተቆረጠውን ገመድ አዩ። «ማነው ያሰረው?»

«እኔ ነኝ» አለች ብሌን፣ ወደ እኔ ሳትዞር።

«ውሸቷን ነው። እኔ ነኝ» አልኩ።

አልተቆጡም፤ ያ ባሰብኝ። «ማማ ብሌን፣ ከረጢት በጣት ነው። ሲይዝሽ ትለቂዋለሽ። ከረጢት ሌላ ይገዛል።»

ተመልሰው ጠልቀው ከረጢቱን አመጡት። ውስጡ እስከዚያ ካየኋቸው ሁሉ ትልቋ ሎብስተር ነበረች። ሲገለብጧት ከሆዷ ሥር ብርቱካናማ እንቁላል ጢም ብሏል።

«ትመለስ» አሉ።

«ልጄ በእሷ ምክንያት ልትሞት ነበር እኮ!»

ምዜ በዱላቸው ወደ ጥልቁ፣ ውሃው ወደሚጠቁርበት አሳዩኝ። «እንቁላል የያዙትን ከጨረስን እዚህ ምንም አይቀርም። ከርሞ ብሌን እዚያ ነው የምትጠልቀው።»

ሎብስተሯን ከእጃቸው ተቀብዬ ራሴ ውሃው ውስጥ አስቀመጥኳት። እሾኋ መዳፌን ቀደደው። ብሌን እያሳለች «እማዬ፣ ቀስ፣ እንዳታስሪያት» አለችኝና ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

እናንተ «እማማ ፍተሻ» የምትሉኝ ከዚያ ወዲህ ነው። እያንዳንዷን ገልብጬ እንቁላል እንደሌላት ሳላይ ወደ ናይሮቢ የሚሄደውን ሣጥን አልዘጋም። የጊጊሪው ምግብ አብሳይ «እናንተ ጋ ትልልቁ አይገኝም» እያለ ያማርራል። እውነቱን ነው። ልጄ ግን ዛሬም የምትጠልቀው ቆሜ በማያት ቦታ ነው።