ለገበያ ያወጣሁት የእህቴ ፊት

ሶማሌ ተራ በነበረችው ሱቃችን የምንሸጠው ቅባት ነበር። የፊት ቅባት፣ የጸጉር ቅባት፣ ሳሙና፣ ሽቶ፤ ለክፍለ ሀገር ነጋዴ በካርቶን፣ ለመንገደኛ በፍሬ። ደርግ ወድቆ ዕቃ እንደ ልብ መግባት ከጀመረ ወዲህ ካርቶኖቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ሴት ይዘው ነበር የሚመጡት። ቀይ፣ ጸጉሯ ወገቧ የደረሰ፣ ጉንጯን በጣቷ ነክታ የምትስቅ። ከባንኮኒው በላይ የሰቀልናት ትንሽ ቴሌቪዥን ውስጥም ያለችው እሷው ናት። ልብሷ ይለያይ እንጂ መልኳ ያው ነው። የዘፈን ክሊፑ ላይ የምትለመነው እሷ፣ የሳሙናው ማስታወቂያ ላይ የምትታጠበው እሷ፣ ድራማው ላይ የምትታጨው እሷ። ጠቆር ያለች ሴት ድራማ ውስጥ ከታየች ትሪ ይዛ ነው የምትገባው። ትሪውን አስቀምጣ ትወጣለች፣ አለቀ።

እኔ ቀይ ነኝ። ታናሽ እህቴ ጥቁር ናት። አባታችንን ነው የወጣችው፤ ጥርት ያለ ጥቁር፣ ብጉር የማያውቀው ፊት። «እውነት የአንድ እናት ልጆች ናችሁ?» ያላለን ደንበኛ የለም። እሷ ግን ጉዳይዋም አልነበር። ያን ጊዜ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ከትምህርት ቤት እንደመጣች ዩኒፎርሟን ሳታወልቅ ባዶ ካርቶን ላይ ትቀመጥና የሻምፑ ጠርሙስ እንደ ማይክ ይዛ ዜና ታነብልናለች። «በሸማ ተራ የነጠላ ዋጋ ሰማይ መንካቱ ተገለጸ። ተሸካሚዎች በበኩላቸው መንገድ ልቀቁ ሲሉ አሳሰቡ።» የጎረቤት ሱቅ ሰው ሁሉ በሳቅ ይሞታል። ቀልዷን ግን አልነበረም። የእውነት ቴሌቪዥን ላይ ቀርባ ዜና ማንበብ ነበር የምትፈልገው። ድምፅ ደግሞ አላህ ሰጥቷታል።

አባቴ ለሱቁ አንድ ሕግ ነበረው፤ «ወላሂ» ብሎ መሸጥ ክልክል ነው። «ዕቃው ከሆነ ይሸጣል፣ ካልሆነ ይቅር፤ ፈጣሪን ባንኮኒ ላይ አታምጡብኝ» ይለን ነበር።

እንግዲህ የሠራሁትን ልናገር። ዲሽ በየጣሪያው መተከል ሲጀምር እኛም አስተከልን። አንድ ቀን በዐረብኛ የሚያወራ የፊት ማቅያ ቅባት ማስታወቂያ አየሁ፤ እኛም የምንሸጠው ዓይነት። የአንዲት ሴት ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን፤ በግራ ጠቁራና አኩርፋ፣ በቀኝ ነጥታ እየሳቀች። ቋንቋው አልገባኝም፤ መግባትም አላስፈለገው። እህቴ ለፈተና ስትመዘገብ የተነሣችው ጉርድ ፎቶ መሳቢያ ውስጥ ነበር። አወጣሁትና ከባንኮኒው መስታወት ሥር አስገባሁት። ደንበኛ «ይሠራል ወይ?» ሲለኝ በጣቴ ወደ ፎቶው እጠቁማለሁ። «ይኸው፣ እኔ ነኝ። ከመቀባቴ በፊት።» ዓይናችን፣ አፍንጫችን፣ የጥርሳችን ፍንጭት ሳይቀር አንድ ነው፤ የሚለየን ቀለማችን ብቻ ነው። ማን ይጠራጠር? አባቴ ሱቅ ሲገባ ፎቶውን በጋዜጣ እሸፍነዋለሁ፣ ሲወጣ እገልጠዋለሁ። እኔ እንጃ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ ነበር።

አንድ ቀን ከቡታጅራ የመጡ እናት ለልጃቸው ሊገዙ ገቡ። ፎቶውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ አሁንም ፎቶውን አዩ። «እስቲ ወላሂ በይ» አሉኝ። ወይ አለመታደል! ዝም ብል ምን ነበረበት?

«ወላሂ እኔ ነኝ፣ እትዬ። እንዲህ ሆኜ ማን ዞር ብሎ ያየኝ ነበር? ሰው ፊት መቆም እንኳ አፍር ነበር።»

ገዝተው ሄዱ። ዞር ስል እህቴ የጓዳው በር ላይ ካርቶን ታቅፋ ቆማለች። ሁሉንም ሰምታለች። ካርቶኑን ቀስ አድርጋ አስቀመጠችና «ማፈር ነበረብኝ እንዴ?» አለችኝ።

«ለገበያ ነው እኮ! አንቺ ደግሞ አታካብጂ» አልኳት።

ሳቀች። እኔ ሞኟ ታረቅን ብዬ አሰብኩ። ፎቶውን አንሺልኝ አላለችኝም። እኔም አላነሣሁትም። ዛሬ አንጀቴን የሚበላኝ ከመሐላውም በላይ ይሄ ነው፤ ካየኋት በኋላ፣ ካየችኝ በኋላ፣ በማግስቱም ፎቶው እዚያው ነበር።

ዜናው ከዚያ ቀን ጀምሮ ቆመ። ከተከፈተ ካርቶን ቲዩብ እያነሣች ሁለት ዓይነት ማቅያ ቅባት መዳፏ ላይ ደባልቃ ጠዋትና ማታ ትቀባ እንደነበር የገባኝ ፊቷ መቅላት ሲጀምር ነው። ልደብቅ አልችልም፣ ደስ አለኝ። ጎረቤቶቹ «እሰይ፣ አሁን ገና ሰው መሰልሽ!» አሏት፤ በዜናዋ ይስቁ የነበሩት እነዚያው ሰዎች። አባቴ ብቻ ትክ ብሎ አያትና «ልጄን የት አደረሳችኋት?» አለ።

ጥቂት ወራት ነው የቆየው። መጀመሪያ ፀሐይ ሲነካት ያቃጥላት ጀመር። ከዚያ ጉንጯ ሳስቶ ደም ሥሩ ታየ። ከዚያ ማድያቱ መጣ፤ ከጉንጯ ተነሥቶ ግንባሯን አዳረሰው፤ ጥቁርም ቀይም ያልሆነ፣ አመድ የመሰለ። ስትተወው ይብስባታል፣ ስትቀባው ይደማል። ሐኪሙ «ምን ያለበት ቅባት ነው የተቀባችው?» አለኝ። ስንት ዓመት የሸጥኩት ዕቃ ውስጥ ምን እንዳለ አላውቅም። ካርቶኑ ላይ የማውቀው ሴትዮዋን ብቻ ነበር።

ከሐኪም ቤት ስንወጣ ሻሿን እስከ ዓይኗ ሥር ሳበችው። «በዚህ ፊት ዜና ይነበባል?» አለች። ሬዲዮም እኮ አለ፣ ድምፅሽ የትም አልሄደ አልኳት። «እኔ መታየት ነበር የምፈልገው» አለችኝ።

አባቴ ቅባቱን በሙሉ ከመደርደሪያ አስወረደ። ደንበኛው ግን መች ቆመ? ፊት ለፊታችን ካለው ሱቅ ይገዛ ጀመር፤ ሳሙናውንም ሽቶውንም አብሮ እዚያው። አባቴ ታሞ ቤት ሲውል ካርቶኖቹ ወደ ቦታቸው ተመለሱ። የመለስኳቸው እኔ ነኝ፣ ሌላ ማን ይሆናል።

አንድ ከሰዓት እህቴ ባንኮኒው ጋ ከእኔ ጎን ተቀምጣ ሳለች አንዲት ልጅ ገባች። ዩኒፎርም የለበሰች፣ ጠቆር ያለች፣ ቆንጅዬ። ያንኑ ቅባት ጠየቀች። እህቴ ብድግ አለች። ሻሿን አወረደች፤ ሰው ፊት ስታወርደው የመጀመሪያዋ ነበር። ከመስታወቱ ሥር ጉርድ ፎቶውን አወጣችና ጉንጯ አጠገብ ያዘችው።

«እይኝ። ይህች እኔ ነኝ። ይህን ቅባት ከመቀባቴ በፊት። ወላሂ እኔ ነኝ።»

ድምጿ ያ የዜናው ድምፅ ነበር። ልጅቷ ፎቶውን አየች፣ የእህቴን ፊት አየች፣ ደነገጠች። አልሐምዱሊላህ፣ አንዷ ተረፈች አልኩ በልቤ። ልጅቷ ግን ወደኔ ጠጋ አለችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እሷ ሳታበዛው አልቀረችም» አለችኝ። «አንቺ የተቀባሽውን ስጪኝ።»

«እኔ ምንም ተቀብቼ አላውቅም።»

እውነቴን ነበር። ልጅቷ ግን ሳቀች። «ባትነግሪኝስ፣ አላጣውም» አለችና ወደ ፊት ለፊቱ ሱቅ ተሻገረች። እህቴ ፎቶውን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ልጅቷ ጥቁር ፌስታል አንጠልጥላ ስትወጣ ሁለታችንም አየናት።