የሱንያንግ ስድስት ዛፎች

አማቴ ሱንያንግ ባላቸው የሞቱባቸው ገና በሠላሳ አንድ ዓመታቸው ነው። የቀራቸው አንድ ወንድ ልጅ፣ አንድ የሽመና ዕቃና ወንዝ ዳር የቆሙ ስድስት ዛፎች ነበሩ። የሐር ትሎቻቸው የሚበሉት የእነዚያን ዛፎች ቅጠል ብቻ ነው።

ዛፎቹን የነጠቃቸው የመንደሩ ሹም ፓንግ፣ አባቴ ነው። ዙሪያቸውን አጠረና ሱንያንግን፣ “መሬቱ የተሰጠው ለወንድ ነበር፤ ወንዱ ሞቷል” አላቸው። እኔ ያኔ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ አጥሩ ውስጥ ገብቼ ፍሬውን እየለቀምኩ እበላ ነበር።

በዚያን ዘመን በዋና ከተማው በሎያንግ ዙፋን ላይ የተቀመጡት ሴት ነበሩ። በቤተ መንግሥታቸው በር የነሐስ ሣጥን አስቁመዋል፤ የተበደለ ሰው በደሉን አጽፎ ይከትበታል። ለአቤቱታ የሚሄድን ገበሬ ማንም ሹም አያግደውም፤ በየመንገዱም ማደሪያና ቀለብ ይሰጡታል። ሱንያንግ ይህን ሲሰሙ ስንቃቸውን ቋጠሩ።

የባላቸው ታናሽ ወንድም ጉ በሩ ላይ ቆሞ ሳቀባቸው።

“እዚያ ደርሰሽ ምን ልትዪ ነው? ትሎቼ ራባቸው ልትዪ?”

“አዎ፣ እሱኑ ነው የምለው።”

“ይስቁብሻል።”

“ይሳቁ። አንተም እየሳቅህ ነው፤ ምን ጎደለብኝ? ይልቅ ልጄን እንዳታስርብብኝ።”

አሥራ አንድ ቀን ተጓዙ። ሎያንግ ሊገቡ ሲሉ ወታደሮች አንድ ቤተሰብ በገመድ አስረው ሲነዱ አዩ። ከኋላ ሦስት ሴቶች ልጆች ነበሩ፤ ትንሿ ጫማዋ እየወለቀባት ቆም ትላለች። “ሰው ጠቁሟቸው ነው፤ ሣጥኑ ነው የበላቸው” አላቸው አንድ መንገደኛ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

በሩ አጠገብ አቤቱታ የሚጽፍ ሽማግሌ ነገራቸውን ሰምቶ ብሩሹን አስቀመጠ።

“ልጄ፣ ይሄን ብጽፍልሽ ከሌላው ጋር ተከምሮ ይከርማል። ሹሙ ንግሥቲቱን ሲሳደብ አልሰማሽም?”

“አልሰማሁም።”

“ሰምተሻል እንበል። ሰክሮ፣ ሴት ምን ዙፋን ታውቃለች ብሏል። አንዲት መስመር ናት። በአሥር ቀን ይወስዱታል።”

ሱንያንግ ግድግዳው ሥር ሄደው ተቀመጡ። አባቴ መጠጥ ይወድ ነበር፤ ቃሉንም ብሎት ይሆናል። ጉ ራሱ በእሳቸው ማድቤት ብሎታል። ብዙ ቆይተው ተመለሱ።

“ዛፎቹን ብቻ ጻፍልኝ።”

“ትቆጪያለሽ።”

“ይሆናል። ግን ያልሰማሁትን አልሰማሁም። ስድስት መሆናቸውን እንዳትረሳ።”

ሰባት ወር ሙሉ መልስ አልመጣም። ከተራራ ቅጠል እየለቀሙ ሲያመላልሱ ከትሎቹ ግማሹ አለቀባቸው። ጉ በየቀኑ፣ “እህሳ፣ ንግሥቲቱ ምን አለችሽ?” ይላቸው ነበር። በጸደይ አንድ መርማሪ መጣና አጥሩን አስነሣ። አራቱን ዛፎች አስመለሰላቸው፤ ሁለቱን አባቴ ለጣሪያ ቆርጧቸው ስለነበር ችግኝ እንዲተክል ታዘዘ።

በዚያው ዓመት መከር ወታደሮች አባቴን ከቁርሱ ላይ አንሥተው ወሰዱት። ያቺን አንዲት መስመር ሌላ ሰው ጽፏታል፤ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አናውቅም። አልተመለሰም። ቤታችን ታሸገ፤ እናቴም እኔንና እህቴን ይዛ ሱንያንግ በር ላይ ቆመች።

“አንቺ ነሽ?” አለቻቸው።

“የዛፎቹን ያጻፍኩት እኔ ነኝ። ይሄን አላጻፍኩም።”

“ሰው ሁሉ አንቺ ነሽ ይላል።”

“አውቃለሁ። ልጆቹ በልተዋል?”

ሱንያንግ ወደ ውስጥ ገብተው የማሽላ ገንፎ አቀረቡልን፤ ማታውን ከልጃቸው ጋር ጥግ ላይ አስተኙን። ለአንድ ሳምንት ያልነው ስድስት ዓመት ሆነ። እናቴ ሽመና ተማረች፤ እኔ ትል መመገብ።

መንደሩ ግን አላመናቸውም። ጉድጓድ ዳር ሲደርሱ ሴቶቹ ዝም ይሉ ነበር። ሹሙ ዛፋቸውን ሲወስድባቸው አላለቀሱም፤ ከዚያ ዝምታ ሲመለሱ ግን ሲያለቅሱ አይቻለሁ።

ልጃቸው እኔን ሊያገባ ሲነሣ ጉ፣ “የዚያን ሰውዬ ልጅ?” አለ።

“አሥራ አንድ ቀን በእግሬ የሄድኩት እኔ ነኝ፤ ማን እንደበደለኝ አውቃለሁ” አሉት። “ልጅቷ የእኔ ናት።”

በሠርጉ ቀን እናቴ ጽዋውን በሁለት እጇ ይዛ አቀረበችላቸው። እስከዚያ ቀን ድረስ “አምኜሻለሁ” ብላቸው አታውቅም ነበር። ያን ቀን አለቻቸው፤ እኔም አጠገባቸው ተቀምጬ ሰምቻለሁ።